«ሞቱን ይዞ ነው የሚወጣው» ማለት ምን ማለት ነው? የብስክሌትና የጎንደር መንገድ ክርክር

የአባይ ማዶው፦
ዛሬ ጠዋት ሬዲዮ ላይ ስለ መንገድ አደጋ ይወራ ነበር። አንድ እንግዳ ስለ ብስክሌት ተጠየቀና እንዲህ አለ፦ «ብስክሌት የከተማ ነው። አገር አቋራጭ መንገድ ላይ በብስክሌት የሚወጣ ሰው ሞቱን ይዞ ነው የሚወጣው»። አዘጋጁም እሺ ብሎ ወደ ሌላ ጥያቄ አለፈ። ከኔ ጆሮ ግን እስካሁን አልወጣም።

በ2012 ለጥምቀት ስድስት ጓደኛሞች ሆነን ከባህር ዳር ጎንደር በብስክሌት ሄደናል። ጥምቀት በዩኔስኮ የተመዘገበበት ዓመት ነው። 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው መንገዱ። አዲስ ዘመን አደርን። በማግስቱ አቀበቱን ገፋን፣ አሞራ ገደል ሲታየን ቆመን ብርቱካን በላን፣ ሳይጨልም አዘዞ ገባን። የያዝነው ሁለት ትርፍ ካላማዳሪያ፣ መንፊያ፣ ውሃና በሶ ነው። ሞት አልያዝንም።

መኪና ውስጥ ያለ ሰው ሲሞት «ሾፌሩ» ይባላል፣ «መንገዱ» ይባላል። ብስክሌት ላይ ያለ ሰው ሲሞት ግን ራሱ ይዞት የወጣ ይሆናል። ያናደደኝ ይሄ ነው።

እታለም፦
ወንድሜ፣ ንዴትህ ይገባኛል። ግን ሰውየው ልክ ነው። ታናሽ ወንድሜን በዚሁ መንገድ ላይ ካለችው ከሐሙሲት ሲመለስ ሚኒባስ ገጭቶት ጥሎት ሄደ። አምስት ወር ተኛ። ዛሬም ግራ እግሩ በደንብ አይታጠፍም። እሱም እንዳንተ ውሃና በሶ ነበር የያዘው። እናቴ እስካሁን ብስክሌት በደጅ ሲያልፍ ፊቷን ታዞራለች።

የአባይ ማዶው፦
እታለም፣ እግዜር ይማረው። ግን ራስሽ የጻፍሽውን መልሰሽ አንብቢው። ሚኒባሱ ገጭቶት ጥሎት ሄደ ነው ያልሽው። ታዲያ ሞቱን የያዘው ማን ነው? ወንድምሽ ነው ወይስ ሚኒባሱ?

እታለም፦
ማን ያዘው የሚለው የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው። አልጋ ላይ የተኛው ግን የኔ ወንድም ነው።

ካቴና፦
ብስክሌት መጠገን ሥራዬ ነው። ሞቱን ይዞ ይወጣል ካላችሁ የት እንደያዘው ልንገራችሁ። ፍሬኑ ላይ ነው። ዓርብ ማታ ይመጣሉ። «ነገ ረጅም መንገድ አለን፣ ጎማ ንፋልን» ይላሉ። ሳየው የፍሬኑ ጎማ አልቋል፣ ብረቱ ቸርኬውን እየፋቀ ነው። ባህር ዳር ሜዳ ስለሆነች ሰው ያለ ፍሬን ዓመት ይነዳል። በጫማው ያቆመዋል። ከአዲስ ዘመን በኋላ ያለው ቁልቁለት ግን በጫማ አይቆምም። ከኋላ ሻንጣ ታስሮበት ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

ከመውጣታችሁ በፊት ሁለቱንም ፍሬን ጨብጣችሁ ብስክሌቱን ወደፊት ግፉት። ጎማው ከዞረ አትውጡ። ይህን ለመሞከር ገንዘብ አያስፈልግም፣ እኔም አያስፈልግም።

የተሳቢ ሾፌር፦
እዚህ ቤት ሁልጊዜ ሾፌር ሲረገም አያለሁ። ዛሬ ዝም አልልም። 17 ዓመት ነድቻለሁ። በሰዓት 80 ስሄድ በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር እሄዳለሁ። ኩርባ ዞሬ ሁለት ብስክሌተኞች ጎን ለጎን እያወሩ ባገኝ፣ እግሬ ፍሬኑ ላይ እስኪያርፍ ብቻ 30 ሜትር አልፏል። ጭነት ይዣለሁ። ከፊት አውቶቡስ እየመጣ ነው። ወዴት ልግባ?

ሞታችሁን ይዛችሁ ትወጣላችሁ መባሉ አናደዳችሁ። እኔስ? እኔ እስሬን ይዤ ነው የምወጣው። ሚስትና አራት ልጆች አሉኝ።

የሽምብጥ ልጅ፦
እናከብርሃለን ወንድሜ። ግን በኩርባ ላይ 80 ማን አስነዳህ?

የተሳቢ ሾፌር፦
በኩርባ 80 አልነዳም። ለምሳሌ ነው ያልኩት። በ60ም ቢሆን በሰከንድ ወደ 17 ሜትር ነው።

የሽምብጥ ልጅ፦
«ኩርባ ዞሬ» ብለህ ነው የጻፍከው። 80 ያልከውም አንተ ነህ። ሰዎች ለምን እንደሚያልቁ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

የተሳቢ ሾፌር፦
አንድ ቃል ይዘህ ልትሰቅለኝ ነው? ና አንድ ቀን አብረኸኝ ተቀመጥ። በገበያ ቀን ሐሙሲትን እንዴት እንደማልፍ እይ። አህያው፣ ከብቱ፣ ባጃጁ፣ ሰዉ ሁሉ አስፋልቱ ላይ ነው። ስንቱን እያየሁ እንደምነዳ ያኔ ታወራኛለህ።

የአባይ ማዶው፦
ጎን ለጎን ስላልከው ልመልስ። ስድስት ሰዎች በአንድ ረድፍ ብንሄድ፣ በመሃል አምስት አምስት ሜትር ብንተው፣ ርዝመታችን ከ35 ሜትር ይበልጣል። ጥንድ ጥንድ ብንሆን 15 ሜትር ገደማ ነው። መኪናህ ወርዱ 2 ሜትር ተኩል ነው። የመንገዱ አንድ መስመር 3 ሜትር ተኩል ቢሆን እንኳ የሚተርፈው 1 ሜትር ነው። በ1 ሜትር ውስጥ አንድ ብስክሌተኛም በሰላም አታልፍም። ስለዚህ አንድ ብሆን ሁለት ብሆን ወደ ግራ መውጣትህ አይቀርም። አጭር ሆነን ስትቀድመን ነው ቶሎ የምትመለሰው።

የተሳቢ ሾፌር፦
ሒሳብህ ልክ ነው። መንገዱ ላይ ግን ሰው ሒሳብ አይሠራም። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ሲሆን ያወራል። ሲያወራ አይሰማም። ቀጥ ባለው የፎገራ ሜዳ ላይ ከሩቅ ስለማያችሁ ጥንድ ሁኑ፣ ግድ የለኝም። ኩርባና ዳገት ላይ ግን አንድ ረድፍ ሁኑ።

ሁለት ነገር ልንገራችሁ፣ ስደቡኝም። አንደኛ፣ ካቢኔዬ ስላለፋችሁ አለፍኩ ማለት አይደለም። ተሳቢው ከኋላ አለ። ወደ ቀኝ ስመለስ እሱ ወደ ውስጥ ይቆርጣል። የመጨረሻው ጎማ እስኪያልፍ ከጠርዙ አትራቁ። ሁለተኛ፣ ክላክስ ስትሰሙ ወደ ኋላ አትዙሩ። ሰው ሲዞር ማንብሪዮው አብሮ ይዞርበታል። ቀጥ ብላችሁ ሂዱ። ክላክሱ ስድብ አይደለም፣ መጣሁ ማለት ነው።

የአባይ ማዶው፦
ይሄን ሬዲዮ ላይ ያለው ሰውዬ ቢናገረው ኖሮ እጁን እስመው ነበር። እሱ ግን «ሞቱን ይዞ» ብሎ ዘጋው። ሰው ሞቱን ይዞ ነው የሚወጣ ካልክ በኋላ ለማን ምን ታስተምራለህ?

የወረታው፦
እኔ መፍትሔው ቀላል ነው እላለሁ። በግራ በኩል ንዱ። መኪናውን ፊት ለፊት እያያችሁ። ከኋላ የሚመጣ ነገር ነው ሰውን የሚገድለው።

ካቴና፦
ኧረ በእግዚአብሔር! ይህን ምክር ለማንም እንዳትሰጥ።

የወረታው፦
ለምን? እግረኛ በግራ ሂድ ይባል የለም?

ካቴና፦
እግረኛ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ነው የሚሄደው። አንድ እርምጃ ወደ ጎን ይላል፣ አለቀ። አንተ በ20 ትሄዳለህ፣ መኪናው በ80 ይመጣል። ፊት ለፊት ከሆናችሁ በ100 ነው የምትቀራረቡት። በቀኝ ብትሆን በ60 ነው። ሾፌሩ አንተን አይቶ የሚያስብበትን ጊዜ አንተው ቆረጥክበት። ኩርባ ላይ ደግሞ ሁለታችሁም አትተያዩም። በዚያ ላይ በግራ የሚመጣውን እግረኛ ምን ልታደርገው ነው?

የወረታው፦
እኔ ወረታ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። ልጅ ሆነን ሁላችንም በግራ ነበር የምንነዳ። ማንም አልሞተም።

የሽምብጥ ልጅ፦
«ማንም አልሞተም» ስላልክ የዕድሜ እኩዮችህን ቁጠርና ንገረን።

የወረታው፦
አንተ ሰው ከሰው ጋር ለመጣላት ነው የምትገባው።

ጡረተኛው፦
ልጆቼ፣ ተረጋጉ። እኔ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠርቼ ነው ጡረታ የወጣሁት። ፋብሪካው ከጣሊያን የጦር ካሳ የተሠራ መሆኑን ታውቃላችሁ። ፈረቃ ሲለቀቅ መንገዱ ብስክሌት በብስክሌት ነበር። እኔ በብስክሌት ጢስ ዓባይ ሄጄ ሚስት አጭቻለሁ። 30 ኪሎ ሜትር ነው። ያን ጊዜ ማንም ሞትህን ይዘህ ነው የምትሄድ አላለኝም። ግን እውነቱን ልናገር። ያን ጊዜ መኪና ብርቅ ነበር። የኔን ዘመን ለዛሬ ማስረጃ አታድርጉት። ብስክሌቱ ያው ነው፣ መንገዱ ሌላ ሆኗል።

የአባይ ማዶው፦
ጋሼ፣ እድሜ ይስጥዎ። እኔም የምለው ይህንኑ ነው። መንገዱ ሌላ ከሆነ መንገዱ ይስተካከል። አዲሱ የዓባይ ድልድይ በ2016 ግንቦት ሲመረቅ ብስክሌት የሚሄድበት ቦታ አለው ተባለ፣ ደስ አለን። 380 ሜትር ነው ርዝመቱ። ድልድዩን ተሻግረህ ወደ ሐሙሲት ስትወጣ ግን ያ ቦታ የለም። ጠርዙ ጠጠርና የተቆረጠ አስፋልት ነው። ብስክሌተኛው ከ380 ሜትር በኋላ ሰው አይደለም?

ሌሊት ተረኛ፦
ነርስ ነኝ፣ ብስክሌትም እነዳለሁ። እሁድ እሁድ ከሁለት ሴት ጓደኞቼ ጋር እወጣለሁ። ሴት ሆነን ስለምንነዳ የምንሰማውን ዛሬ አላነሳውም፣ ሌላ ቀን እመለስበታለሁ። ዛሬ ስለ ጭንቅላት ነው። እስካሁን ሄልሜት የሚል ቃል ማንም አልጻፈም።

የሽምብጥ ልጅ፦
ሲኖትራክ ለሚጨፈልቀው ሰው ሄልሜት ምን ያደርግለታል?

ሌሊት ተረኛ፦
ሁሉም ሰው ሲኖትራክ አይገጨውም። እኔ ሌሊት የምቀበላቸው ብዙዎቹ በራሳቸው የወደቁ ናቸው። ጉድጓድ፣ ውሻ፣ ጥጃ፣ ልብስ ካቴና ውስጥ ገብቶ። ከአንድ ሜትር ተኩል ከፍታ ጭንቅላት አስፋልት ሲመታ ምን እንደሚሆን እኔ ነኝ የማየው። ሄልሜት የተሠራው ለዚህ ነው። መኪና እንዲያቆም አልተሠራም።

እታለም፦
የወንድሜ ሄልሜት ማንብሪዮው ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ሙቀት ነው ብሎ አውልቆት። ምንም ሳይሆን መልሰው ለኛ ሰጡን።

ሌሊት ተረኛ፦
እህቴ፣ ይቅርታ። አላወቅሁም ነበር።

እታለም፦
አይ፣ ጻፊው። እሱ ያነበዋል።

የአባይ ማዶው፦
ስንት ሰዓት ነበር የተገጨው? ይቅርታ ልጠይቅሽ።

እታለም፦
ወደ ማታ 12 ሰዓት ተኩል ላይ። መብራት አልነበረውም።

የተሳቢ ሾፌር፦
ይሄው። 12 ሰዓት ተኩል ላይ መብራት የሌለው ብስክሌት ለኔ የለም። ከብቱ ወደ ቤት የሚገባበት፣ አቧራው የሚነሳበት ሰዓት ነው። ሚኒባሱ ቆሞ ባለማንሳቱ እግዚአብሔር ይፍረድበት። ያንን አላድበሰብስም። ጥሎ የሚሄድ ሾፌር ከኔ ጋር ሾፌር አይባልም።

የጧቱን ደግሞ እወቁ። ከባህር ዳር ወደ ሐሙሲት ጧት ስትወጡ ፀሐይ ከፊት ናት። እናንተን ከኋላ የምከተላችሁ ሰው ፀሐይዋ ዓይኔ ውስጥ ናት። 1 ሰዓት ላይ የለበሳችሁት ጥቁር ጃኬት አይታየኝም። አንጸባራቂ ሰደርያ ልበሱ።

የወረታው፦
በግራ ብትነዱ ይሄ ችግር የለም።

ካቴና፦
አንተ አሁንም እዚያው ነህ?

የወረታው፦
እዚያው ነኝ።

ነጋዴው፦
ይህን ሁሉ ስታወሩ ትልቁን ነገር ዘለላችሁት። ግጭቱ ከተባባሰበት ከነሐሴ 2015 ወዲህ ይህ መንገድ የድሮው አይደለም። ወረታ የሚኖር ዘመዴን «ዛሬ እንዴት ነው» ብዬ ሳልደውል በመኪና እንኳ አልወጣም። በ2012 ሄድን ማለት ለዛሬ ምን ይጠቅማል?

የአባይ ማዶው፦
ትክክል ነህ። ስለዚህ ነው በ2012 ያልኩት። አሁን ከሰፈር ሰው ሳንጠይቅ፣ ለቤተሰብ ሳንናገር አንወጣም። ሩቅም አንሄድም። ግን ሰውየው ስለዚህ አልነበረም የሚያወራው። ስለ ብስክሌት ነበር የሚያወራው።

ነጋዴው፦
ሞት ሞት ነው ወንድሜ። ከየት ቢመጣ ምን ለውጥ አለው?

የአባይ ማዶው፦
በጣም ለውጥ አለው! የፍሬን ሞት በፍሬን ይድናል። የጨለማ ሞት በመብራት ይድናል። የፍጥነት ሞት ሾፌሩ ዝግ ሲል ይድናል። ሁሉንም አንድ ላይ ጠቅልለህ «ይዞት ወጣ» ካልክ አንዱም አይድንም። ልጆቻችን ብስክሌት እንዳይነዱ እናደርጋለን፣ አለቀ። ባህር ዳር ያለ ብስክሌት ምኗ ይቀራል?

ጡረተኛው፦
ምኗም አይቀርም።

ነጋዴው፦
ጋሼ፣ እርስዎ ሚስት ስላገኙበት ነው።

ጡረተኛው፦
አዎ ልጄ። 46 ዓመት አብረን ኖረናል።

ካቴና፦
እሁድ የሚወጣ ካለ ቅዳሜ እስከ 10 ሰዓት አምጡልኝ። ፍሬን ብቻ ከሆነ በነጻ አያለሁ።

ሌሊት ተረኛ፦
እኛ ሦስት ነን። እስከ ሐሙሲት ሄደን ከ4 ሰዓት በፊት እንመለሳለን። የአባይ ማዶው፣ እናንተም ውጡ።

የአባይ ማዶው፦
እንወጣለን። ድልድዩ ላይ 12 ተኩል።

የተሳቢ ሾፌር፦
እሁድ እኔም በዚያው መንገድ ወደ ጎንደር ነኝ። ሰማያዊ ሸራ ያለው ነው። ክላክስ ሁለቴ አደርጋለሁ። እንዳትዞሩ።

የሽምብጥ ልጅ፦
በስንት ነው የምትመጣው?

የተሳቢ ሾፌር፦
ሰላም እደር።

እታለም፦
እኔ አሁንም ሰውየው ልክ ነው እላለሁ። ሐሙሲት ስትደርሱ ግን እዚህ ጻፉ። ስትመለሱም ጻፉ።