ፓይፐር ከብ ከኮምቦልቻ ቢነሳ ደሴን ይወጣል? የአሮጌ ትንሽ አውሮፕላን ጣዕምና ጣጣ

የቦርከና ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሴስና 172 ላይ የሠለጠነ ሰው ወደ እ.ኤ.አ. 1940ዎቹ ፓይፐር ጄ-3 ከብ ቢሻገር ምን ያገኛል፣ ምን ያስቸግረዋል? ባለ 65 ፈረስ ጉልበት ሞተር፣ ሁለት ወንበር፣ ጭራው ላይ ጎማ፣ ባትሪም ማስነሻም የሌለው ማለቴ ነው። «የበረራ ጣዕሙ እሱ ላይ ነው» ይባላል፤ ጣዕሙ ምን እንደሆነ ግን አፍታቶ የሚናገር የለም። ሁለተኛው ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ ተነስቶ፣ የጦሳን ተራራ ከላይ አይቶ፣ ሐይቅ ዞሮ መመለስ ይቻላል ወይስ ምኞት ነው? የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ራሱን የቻለ ጉዳይ ስለሆነ ለሌላ ቀን ይቆየን፤ አሁን ስለ አውሮፕላኑ ብቻ።

ጫማና ሜትር፦
አብሽር፣ መነሳቱ ይቻላል። ጦሳን ከላይ ማየቱን ግን እርሳው። ስሌቱ ይኸውልህ።

የኮምቦልቻ ማኮብኮቢያ 6,100 ጫማ (1,860 ሜትር) ገደማ ላይ ነው። በዚህ ከፍታ የመደበኛው አየር ሙቀት 3 ዲግሪ ነው። ከዚያ በላይ ለምታገኘው ለእያንዳንዱ ዲግሪ 120 ጫማ ጨምር። ጧት 12 ሰዓት ላይ 12 ዲግሪ ቢሆን አውሮፕላኑ 7,200 ጫማ ላይ እንዳለ ሆኖ ነው የሚነሳው። ቀን 8 ሰዓት ላይ 28 ዲግሪ ከገባ 9,100 ይሆናል። 65 ፈረስ የተባለው ለባሕር ጠለል ነው፤ ጧት የሚቀርህ 51 አካባቢ፣ ቀትር ላይ ደግሞ 47 ነው።

መውጣቱስ? ሙሉ ጭኖ በባሕር ጠለል በደቂቃ 450 ጫማ የሚወጣው ከብ፣ ጧት ኮምቦልቻ ላይ 230 ቢያገኝ ነው፤ ቀትር ላይ 170። ደሴ በቀጥታ መስመር 12 ኪሎ ሜትር ብትርቅ ነው፣ ግን ከ2,000 ጫማ በላይ ከፍ ትላለች። ከብ ያንን ርቀት በ6 እና በ7 ደቂቃ መካከል ይጨርሰዋል፤ እስከዚያ የሚወጣው በጧቱም 1,500 ጫማ አይሞላም። አፍንጫህን ወደ ደሴ አዙረህ ብትነሳ የሚጠብቅህ ገደሉ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ከፍታውን የቦርከና ሜዳ ላይ እየዞርክ ጨርስና ከዚያ ተሻገር።

ጦሳን በደህና ርቀት ለማለፍ ቢያንስ 10,000 ጫማ ያስፈልጋል። እዚያ ላይ 6 ዲግሪ ቢሆን አየሩ እንደ 11,300 ጫማ ነው፤ የከብ ጣሪያ (ከዚያ በላይ በቅጡ መውጣት የሚያቅተው ከፍታ) 11,500 ነው። የተረፈህ የለም፤ ከተራራው ጀርባ የሚወርድ ትንሽ ነፋስ ቁልቁል ይዞህ ይሄዳል። ተራራውን ከጎኑ እየው፣ አያንስም። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ደግሞ ወደ ባቲ ሂድ፤ መሬቱ ወደ አፋር እየወረደ ስለሚሄድ አንተ ሳትወጣ ከመሬት ያለህ ርቀት ይሰፋል።

ባዶ ክብደቱ 345 ኪሎ ገደማ ነው፣ የተፈቀደው ከፍተኛ ክብደት 553። ሙሉ ነዳጅ 45 ሊትር፣ 32 ኪሎ። ሁለት ሰባ አምስት ሰባ አምስት ኪሎ ሰዎች ሲሳፈሩ 527። በወረቀት ይገባል፣ በቀትር ግን አላደርገውም። ብቻህን ከሆንክ የምትቀመጠው ከኋላ ነው፤ ፊት ላይ ብቻህን መብረር በከብ ክልክል ነው፣ ሚዛኑ ይፈርሳል።

ጭራ ጎማ፦
ስሌቱ ልክ ነው፣ ግን ጥያቄው ስለ ጣዕሙም ነበር።

ጣዕሙ እግርህ ላይ ነው። ሴስና 172 ላይ ሩደሩን (በእግር የሚታዘዘውን የጭራ መሪ) ብትረሳው ይቅር ይልሃል። ከብ ላይ ስቲኩን (የእጅ መሪውን) ወደ ግራ ብቻ ብትገፋ አፍንጫው መጀመሪያ ወደ ቀኝ ይሸሻል፤ የወረደው የቀኝ ክንፍ አይለሮን (ክንፉ ጫፍ አካባቢ የሚንቀሳቀሰው ክፍል) ይጎትተዋልና። ስቲክና እግር አብረው ሲሄዱ መቀመጫህ ላይ ምንም አይሰማህም፤ ሲለያዩ ሰውነትህ ወደ ጎን ይንሸራተታል። የመንሸራተት መለኪያዋን ኳስ ማየት አያስፈልግም። ሌላው በሩ ነው፦ በቀኝ በኩል ለሁለት ይከፈላል፣ ላይኛው ክንፉ ሥር ይታጠፋል፣ ታችኛው ይወርዳል፣ ከፍተህ ትበራለህ። በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር ስትሄድ የጤፉን ክምር ከገብሱ ትለያለህ። ፍላፕ (ለማረፍ የሚዘረጋ የክንፍ ክፍል) ስለሌለው ከፍታ የሚቀነሰው በጎን ሸርተቴ ነው፦ አንዱን ክንፍ ዝቅ አድርገህ ተቃራኒውን እግር ትረግጣለህ፣ አውሮፕላኑ ጎኑን ለነፋስ ሰጥቶ እንደ ድንጋይ ይወርዳል፣ ስትለቀው ይስተካከላል። እንደኔ ከሁሉ የሚጥመው ይህ ነው።

ጣጣው ሲያርፍ ይመጣል። ክብደቱ ከፊት ጎማዎቹ ኋላ ስለሆነ ትንሽ ጠመም ብሎ ከነካ ጭራው ፊቱን ሊቀድም ይፈልጋል፤ ያኔ ክንፍ መሬት ይነካል፣ የጎማው እግር ይሰበራል። መድኃኒቱ ሦስት ነው። ሳትነካ በፊት አፍንጫውን ከመስመሩ ጋር አስተካክል። ከነካህ በኋላ ስቲኩን ሆድህ ድረስ ስበህ ያዝ፣ አትልቀቅ። እግርህን ደግሞ በትንሽ በትንሹ አንቀሳቅስ፤ ጠሞ ካየኸው በኋላ በረጅሙ መርገጥ ወደ ሌላው ጎን ይወረውርሃል። ፍሬኑ በተረከዝ ነው የሚረገጠው፣ ጭራው ሳይቀመጥ አትንካው።

አንድ ነገር ከጫማና ሜትር ስሌት ጋር፦ ፍጥነት መለኪያው 55 ማይል ቢያሳይም ኮምቦልቻ ቀትር ላይ በመሬት የምትሄደው 63 ነው። ዐይንህ «ፈጠንክ» ብሎ ያታልልሃል፣ አፍንጫ ታነሳለህ፣ ክንፉ ይከዳሃል። መለኪያውን እመን።

የቦርከና ልጅ፦
አላህ ይስጣችሁ። ጋሽ ዘይቱ ካሉ፣ በእጅ ስለማስነሳቱ እርስዎ ቢነግሩኝ?

ጋሽ ዘይቱ፦
አለሁ ልጄ። በእጅ ሲነሳ ሁለት ሰው ይሁን፤ አንዱ ውስጥ፣ አንዱ ፕሮፔለር ላይ። ለብቻ ማስነሳት እጅና አውሮፕላን የሚያስከፍል ስንፍና ነው።

ለጎማዎቹ ታኮ ይደረጋል፣ ጭራው በገመድ ይታሰራል። ዘይት ይታያል፤ የሚይዘው 4 ኳርት ነው፣ 3.8 ሊትር። ማግኔቶ (የሞተሩ ብልጭታ ምንጭ) ዝግ፣ ስሮትል (የኃይል መስጫው) ዝግ ሆኖ ፕሮፔለሩን አራት ጊዜ ያህል ቀስ ብለህ ታዞራለህ፤ ቤንዚን ወደ ሲሊንደር ይገባል። ከዚያ የውስጡ ሰው ስሮትሉን ጥቂት ብቻ ገለጥ አድርጎ ማግኔቶውን ያበራል፣ ጮክ ብሎም ይናገራል። አንተ የጣትህን ጫፍ ሳታጥፍ መዳፍህን ከምላጩ ላይ ጠፍጥፈህ ታደርጋለህ፣ ወደ ታች ትስባለህ፣ በዚያው እርምጃ ወደ ኋላ ትወጣለህ። ጣት የሚያስቆርጠው ጣትን በምላጩ ዙሪያ ማጠፍ ነው። ነጠላም ሆነ ሻሽ ወገብ ላይ አይኑር።

«ዝግ ነው» ማለት ግን ሞቷል ማለት አይደለም። ማግኔቶን የሚያጠፋው ወደ አካሉ የሚሄድ አንድ ሽቦ ነው፤ ሽቦው ከተበጠሰ ማብሪያው ዝግ ቢልም ማግኔቶው ሕያው ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ ከማቆምህ በፊት በዝቅተኛ ዙር ማግኔቶውን ለቅጽበት ዝጋ፤ ሞተሩ ካልሞተ ሽቦው ተቆርጧል፣ ማንም ፕሮፔለሩን አይንካ።

ሌላው ካርብራተሩ ነው። ይህ ሞተር በረዶ ይወዳል። ቤንዚኑ ሲተን ጉሮሮውን ያቀዘቅዘዋል፤ ውጭው 15 ዲግሪ ሆኖ አየሩ እርጥብ ከሆነ ውስጡ በረዶ ይጋገራል። በክረምት ሜዳው ላይ ጭጋግ የሚቆይበትን ጧት አስብ። ምልክቱ ዙሩ በቀስታ መውረዱ ነው፤ መንቀጥቀጡ የሚመጣው ዘግይቶ ነው። ወደ ካርብራተሩ ሙቅ አየር የሚያስገባውን ማንሻ ሙሉ ክፈት፦ ዙሩ ይወርዳል፣ በረዶ ካለ ይንተፋተፋል፣ ከዚያ መልሶ ይወጣል። ሲንተፋተፍ ደንግጦ መዝጋት ነው ትልቁ ስህተት።

ጫማና ሜትር፦
ጋሽ ዘይቱ ያነሱት ጭጋግ ለኔም ምላሽ ነው፤ «ጧት» ያልኩት በክረምት እስከ ረፋዱ 3 ሰዓት ሊገፋ ይችላል፣ ያኔ ደግሞ ቅዝቃዜው እያለቀ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይሻላል።

ሸራ፦
ነዳጁን ማንም አላነሳም። በሰዓት 16 ሊትር ገደማ ይጠጣል፤ 45 ሊትር ማለት የ30 ደቂቃ መጠባበቂያ ከተቀነሰ ወደ 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ያህል ነው። መለኪያው ከሞተሩ ኋላ፣ ከመስታወቱ ፊት በታንኩ ክዳን በኩል ቀጥ ብሎ የሚወጣ ሽቦ ነው፤ ሥሩ ላይ ቡሽ ተንሳፍፎ ነዳጁ ሲያንስ ሽቦው ይሰምጣል። ኤታኖል የተቀላቀለበት የመኪና ቤንዚን አታስገባ። ቡሹ ላይ የተቀባው ሸላክ በአልኮል ይሟሟል፣ ቡሹ ነዳጅ ጠጥቶ ይከብዳል፣ የቡሹ ፍርፋሪም ማጣሪያውን ይደፍናል። አቭጋስ (የአውሮፕላን ቤንዚን) ሰማያዊ ነው፤ ሁልጊዜ ከመነሳትህ በፊት ከታች ጥቂት ቅዳና በብርጭቆ እየው፣ ውሃ ካለ ሥሩ ላይ ይቀመጣል። ለጄት የሚቀርበውን ነዳጅ ደግሞ በምንም ዓይነት አትቀላቅል።

በነገራችን ላይ የዚያ ዘመን አውሮፕላን ማየት የፈለገ የራሳችን አለችን፤ ጀርመናዊው ሉድዊግ ዌበር በ1935 እ.ኤ.አ. እዚሁ የሠራት «ፀሐይ» በጥር 2016 ዓ.ም. ከጣሊያን ተመልሳለች።

የቦርከና ልጅ፦
እሺ፣ ጦሳን ከጎን፣ ባቲን ከላይ። አውሮፕላኑ የተሸፈነበትን ሸራ ፀሐይ እንዴት እንደሚጎዳው ግን አልነገራችሁኝም፤ ከቤት ውጭ ስንት ወር ይቆያል?

ሸራ፦
በወር አትቁጠረው። በማይበርበት ጊዜ ጥላ ውስጥ አስገባው። በክንፉ የላይኛው ፊት ላይ የቀለሙን ስንጥቅ ተመልከት፤ ቀለሙ ከተሰነጠቀ ሥሩ ያለውን ጨርቅ የሚከላከለው የለም። ከዚያም በጣትህ ተጫነው፤ ከበሮ ካልመሰለ ጥሩ ምልክት አይደለም። ጭራው ውስጥም በባትሪ ብርሃን አሳይና ፈልግ፤ አይጥ ጎጆዋን እዚያ ትሠራለች፣ ሽንቷም ብረቱን ይበላዋል።