የበረንዳዬ ሶሌታ (የኮንክሪት ወለሉ) ከሥሩ እየወደቀ ነው፤ ይለሰን ወይስ ይፍረስ?

የገርጂዋ፦
ጤና ይስጥልኝ። ቤታችን ባለ አንድ ፎቅ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ከበረንዳው ሥር ሰሃን የሚያህል ኮንክሪት ወደቀ፤ ውስጡ የዛገ ፌሮ ይታያል። ያመጣሁት ለሳኝ «በሲሚንቶና በአሸዋ እደፍነዋለሁ፣ የግማሽ ቀን ሥራ ነው» ይለኛል። ልመነው? የደጁ ደረጃ ጠርዝም ተሸራርፏል፤ እሱንም አብሮ ሊሠራልኝ ነው።

ባለ መሮው፦
እህቴ፣ እባክዎ እንዲህ አይለሰን! ፌሮ ሲዝግ ዝገቱ ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ያበጣል፤ ኮንክሪቱን ገፍቶ የጣለውም እሱ ነው። ዝገቱ ውስጥ እያለ ቢለሰን ልስኑም ተከትሎት ይወርዳል። ዛሬውኑ ከበረንዳው ሥር ሰው እንዳያልፍ ይዝጉት።
ሥራው እንዲህ ነው። ዙሪያውን በመዶሻ ቀስ ብሎ እየመታ ባዶ ድምፅ የሚሰጠውን ሁሉ በጠመኔ ያክብበው፤ የተጎዳው ከወደቀው ይሰፋል። በመሮ ሲያፈርስ ከፌሮው ጀርባ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ይግባ፤ በርዝመቱም ንጹሕ ብረት እስኪያገኝ ይከተለው። ጠርዙ ቀጥ ብሎ ይቆረጥ፤ ሳስቶ የሚያልቅ ጠርዝ ቶሎ ይላጣል። ፌሮው በሽቦ ብሩሽ እስኪያበራ ይጠረግና በዚያው ቀን የዝገት መከላከያ ይቀባ። አሮጌው ኮንክሪት ይረጥብ፣ ውኃ ግን አይቋጥር። ከሥር ወደ ላይ ለሚለጠፍ ሥራ የተዘጋጀውን የጥገና ሞርታር (የሲሚንቶ ድብልቅ) ቢገዙ እመርጣለሁ፤ ዋጋው ከፍ ቢልም ይይዛል።

ጡረተኛው መሐንዲስ፦
ልጄ፣ መሮ ከመነሳቱ በፊት ከላይ በኩል ይታይ። ከግድግዳው ወጥቶ የተንጠለጠለ በረንዳ ዋናው ፌሮ ያለው በላይኛው ፊቱ ነው፤ ክብደቱ የሚስበው እሱን ነውና። ስለዚህ ከሥር ከወደቀው ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ከላይ፣ በረንዳው ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት መስመር የሚታይ ስንጥቅ ነው። ማንም አይውጣበት፤ በሩ ላይ ሆነሽ ብቻ ተመልከቺ። ስንጥቅ ካለ፣ ወይም ጫፉ ዘመም ካለ፣ ሥራው የለሳኝ አይደለም፤ ድጋፍ ተደርጎለት የስትራክቸር መሐንዲስ ይየው። ፌሮው በዝገት ተበልቶ ከቀጠነም እንደዚሁ።

የገርጂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ አባቴ። ከበሩ ሆኜ አየሁት፤ በግድግዳው በኩል ስንጥቅ የለም። ነገር ግን የሴራሚኩ መጋጠሚያ ተከፋፍቷል፤ የውኃ መውረጃው ቱቦም በቅጠል ተደፍኗል።

የጣሪያ ውኃ፦
እንግዲህ መነሻው ተገኘ። ክረምቱን ሙሉ የተኛው ውኃ በመጋጠሚያው ሰርጎ ፌሮው ጋ ደርሷል። ከሥር ተጠግኖ ከላይ ካልተስተካከለ ገንዘብዎ ይባክናል። ሴራሚኩ ይነሳ፣ ወለሉ በሜትር ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ቱቦው ያዘንብል፣ ውኃ የማያሳልፍ ቅብ ከግድግዳው ሥር ትንሽ ከፍ ብሎ ይቀባ። በበረንዳው ጠርዝ ከሥር ቀጭን ቦይ ይውጣለት፤ ውኃው ወደ ውስጥ ሳይሳብ እዚያው ይንጠባጠባል።

ባለ መሮው፦
ልክ ነው። የደጁ ደረጃ ጥገና ግን ቀላል ነው፦ የላላው ይነሳ፣ ፊቱ ላይ ጣውላ ይታሰር፣ 1 ሲሚንቶ ለ3 አሸዋ ወፈር ተደርጎ ይጠቅጠቅ። አሸዋውን በመዳፍዎ አሽተው ይዩት፤ ጭቃ ካስቀረ አይቀበሉት። ለ7 ቀን በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ይቆይ፤ ሳይጠነክር እንዳይረገጥ። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህን ነው፤ ያለ ውኃ የደረቀ ሲሚንቶ ዱቄት ሆኖ ይቀራል።

የገርጂዋ፦
ለሳኙስ እሺ ቢለኝ በእሱ ላሠራ?

ባለ መሮው፦
መሐንዲስ አይቶ ከፈቀደ ያሠሩ፤ ነገር ግን ክፍያውን ከፋፍለው ይስጡት። ፌሮው ተጠርጎ፣ ገና ሳይሸፈን ጠርቶ ያሳይዎት፤ የመጀመሪያውን ክፍያ የሚሰጡት ያንን በዓይንዎ ካዩ በኋላ ይሁን።