«ጋሪ ብቻ» የተባለችው አዳማ

ዳማው፦ ትናንት ማምሻውን በሬዲዮ የቀረቡ አንድ እንግዳ፣ ወጣቶች ለበዓል የፈረስ ሩጫ ሜዳ ይሰጠን ማለታቸው ተነሥቶባቸው፣ «የአዳማ የፈረስ ታሪክ ጋሪ ብቻ ነው፤ ሩጫ ለእኛ ቅንጦት ነው» ብለው አለፉት። ጥያቄውን መቃወማቸው አልከነከነኝም፤ የከነከነችኝ «ብቻ» የምትለዋ ቃል ናት። አባቴ በጃንሆይ ዘመን ከናዝሬት ጣቢያ በባቡር ያሳፍረኝና ለገሃር ወርደን፣ ከዚያ ሽቅብ በእግር ጃን ሜዳ ድረስ ወስዶ የፈረስ እሽቅድምድም ያሳየኝ ነበር። ማን እንዳሸነፈ ረስቻለሁ። እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ ያለው አንድ ጉራች ፈረስ ነው፤ ሩጫውን ከጨረሰ በኋላ ጠባቂው ላቡን በእፍኝ ገለባ ሲጠርግለት ቆዳው ይርገበገብ ነበር። ያንን ሊያዩ ከዚህ ከተማ የተሳፈሩ ሰዎች የማን ታሪክ ሊባሉ ነው?

የባለጋሪ ልጅ፦ ጋሼ ዳማው፣ ትዝታዎን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ጃን ሜዳ ያለው አዲስ አበባ ነው፤ ተሳፍሮ ሄዶ ማየት ለአዳማ የሩጫ ታሪክ አይሆናትም። በተረፈ «ጋሪ ብቻ» መባሉን እንደ ስድብ መቁጠርዎ እኔን አስከፍቶኛል። ባጃጅ ከመምጣቱ በፊት እህልዎን ከገበያ፣ ምጥ የያዛትን ሴት ከሐኪም ቤት ያደረሰው ማን ሆነና ነው?

ጃን ሜዳ ናፋቂ፦ ጋሪውን ማንም አልሰደበም። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ ተብለው በፈረስ ስማቸው በሚጠሩበት አገር፣ ከአዳማ ወደ አርሲ ደጋ የተሻገረ ሁሉ ፈረስ ላይ ያደገ ሕዝብ በሚያገኝበት አካባቢ፣ «ቅንጦት» የሚል ሰው ግን ይገርመኛል። የጋሪ ፈረስና የሩጫ ፈረስ ሰማይና ምድር ናቸው ለሚሉም የእንግሊዙን ሬድ ረም ላስታውሳቸው። ማደሪያው ከመኪና መሸጫ ጀርባ፣ አሠልጣኙ ታክሲ ይነዳ የነበረ ሰው፣ እግሩም የአጥንት ሕመም የነበረበት ፈረስ ነው። ሳውዝፖርት ባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ እየሮጠ፣ ጨዋማው ውኃ እግሩን እያሻለው፣ ግራንድ ናሽናል የሚባለውን የእንግሊዝ የመሰናክል ዝላይ ሩጫ እ.ኤ.አ. በ1973፣ በ1974 እና በ1977 ወሰደ። ሦስት ጊዜ ያሸነፈ ሌላ ፈረስ የለም።

የባለጋሪ ልጅ፦ የ1973ቱን ሲያነሡ ሁለተኛ የወጣውን ፈረስ፣ ክሪስፕን፣ ለምን ዘለሉት? ክሪስፕ ከሬድ ረም ከ10 ኪሎ በላይ የሚበልጥ ክብደት ተሸክሞ፣ መጨረሻው ላይ አንድ ፈረስ ርዝመት በማይሞላ ልዩነት ነው የተቀደመው። ያሸነፈው ሸክም የቀለለለት ነው። ሸክም ምን እንደሆነ እኛ ቤት ይጠየቅ።

ዳማው፦ ከሬድ ረም ይልቅ የአሜሪካው ፈረስ ሴክሬታሪያት ይነሣ። በዚያው በ1973 ቤልሞንት በሚባለው ሩጫ ላይ 2,400 ሜትር ገደማ የሆነውን ርቀት በ2 ደቂቃ ከ24 ሴኮንድ ጨርሶ፣ ሁለተኛውን በ31 ፈረስ ርዝመት ጥሎት ነው የገባው። ሲሞት ልቡ ቢመዘን 10 ኪሎ ሆኖ ተገኘ።

የከብት ሐኪም፦ አልተመዘነም። በ1989 ሬሳውን የመረመረው ሐኪም በዓይኑ ገምቶ የተናገረውን ነው ሰው እንደ ሚዛን ውጤት የሚያወራው።

ዳማው፦ የገመተው ሐኪም ከሆነ ለእኔ ከተመዘነ አይለይም።

የከብት ሐኪም፦ ለእኔ በጣም ይለያል። ከሜዳው በፊት ሊጠየቅ የሚገባውም ሌላ ነገር ነው። ፈረስ የሚገድለውን የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚያስተላልፉት ጥቃቅን ተናካሽ ነፍሳት ናቸው፤ ሞቃትና ዝቅ ያለ አገር፣ በተለይም ከዝናብ በኋላ፣ ይስማማቸዋል። ከአርሲ ደጋ የወረደ ፈረስ ሳይከተብ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ቢሰነብት ባለቤቱ ባዶ ልጓም ይዞ ሊመለስ ይችላል። የጋሪ ፈረሶች እግርና አንገት ላይ እንደ መቁጠሪያ ተሰልፎ የሚወጣውን፣ መግል የሚያዥ እብጠትም ሁላችሁም አይታችኋል። እሱም በፈንገስ የሚመጣ፣ በዝንብና ከፈረስ ፈረስ በሚዘዋወር መታጠቂያ የሚዛመት በሽታ ነው። እነዚህን ፈረሶች ሳናክም ሌሎችን ልናስሮጥ ነው?

ጃን ሜዳ ናፋቂ፦ እርስዎ ደግሞ በሌላ በር ገብተው ለሬዲዮው እንግዳ ጠበቃ ሆኑላቸው። «ቅንጦት» ያሉትን «በሽታ» ብለው ተረጎሙት።

የከብት ሐኪም፦ የተረጎምኩት ነገር የለም፤ ክትባት ይቅደም ነው ያልኩት።

የባለጋሪ ልጅ፦ እኔ አንድ ነገር ልጠይቅ። ሜዳው ቢሰጥ የእኛ ፈረሶች ይገባሉ ወይስ «ጋሪ ብቻ» ተብለው አጥር ሥር ይቆማሉ?

ዳማው፦ ጋሪውን ፈትታችሁ፣ ኮርቻ ጭናችሁ ግቡ እንጂ፤ ማን ከለከላችሁ?

የባለጋሪ ልጅ፦ ጋሼ፣ በበዓል ቀን ጋሪውን ከፈታን የዚያን ቀን ፉርሽካ ማን ሊገዛልን ነው? ደግሞ ኮርቻ የለንም።