ሰበቃውን አስተካክዬም ጋሪው ለምን ይዘገያል?

የኒውተንን ሁለተኛ ሕግ (ኃይል ከግዝፈትና ከሽምጠጣ ማለትም ከፍጥነት ለውጥ መጠን ብዜት ጋር እኩል ነው የሚለውን) በትንሽ ጋሪ ለማሳየት ስሞክር ስሌቱና ልኬቱ አልገጥም ብለውኛል፤ እባካችሁ እርዱኝ።

ጋሪው 500 ግራም ነው፤ በፑሊ (ክር በሚያዞር ተሽከርካሪ ጎማ) ላይ በሚያልፍ ክር የተንጠለጠለ 50 ግራም ብረት ይጎትተዋል። የክሩ ውጥረት የብረቱን ክብደት ያህል፣ 0.49 ኒውተን እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ብረቱ ራሱም እየፈጠነ ስለሚወርድ ያንሳል። ስለዚህ 0.49ን ለጋሪውና ለብረቱ ድምር፣ ለ0.55 ኪሎ ግራም አካፍዬ 0.89 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ሽምጠጣ አገኘሁ። ከቆመበት ተነስቶ 0.8 ሜትሩን በ1.34 ሰከንድ መጨረስ ነበረበት፤ የሚፈጅበት ግን 1.52 ነው። ሽምጠጣው 0.69 ብቻ ማለት ነው። በ100 ግራም ብረት ደግሞ ሽምጠጣው በ1.63 ፈንታ 1.28 ነው።

የጋሪው ሰበቃ እንዳይባል፣ ብረቱ ሳይንጠለጠል ትንሽ ሲገፋ ፍጥነቱን ሳይቀይር እስኪሄድ ድረስ ሳንቃውን አዘንብያለሁ። ደግሞም የጎደለው ኃይል ከ0.11 ወደ 0.21 ኒውተን አድጓል፤ የጋሪው ሰበቃ ቢሆን እዚያው በቀረ ነበር።

ፑሊው 200 ግራም የሚመዝን ድፍን የብረት ዲስክ ነው፤ መሽከርከሩ 100 ግራም እንደ መጨመር ይቆጠራል። እሱን ሳስገባ የሁለቱ ሙከራዎች ሽምጠጣ 0.75 እና 1.40 ይመጣል፤ አሁንም ከለካሁት ይበልጣል። ልዩነቱ የፑሊው መሽከርከሪያ ዘንግ ሰበቃ ነው ወይስ የጋሪው ጎማዎች መሽከርከር? ሁለቱን በምን ዓይነት ሙከራ ልለያቸው?