ለበዓል ጎጃም ለምትገቡ፦ የቧንቧ ውሃ ወይስ የታሸገ?

ሰላም ወገኖች። ለገናና ለጥምቀት ደብረ ማርቆስና ባሕር ዳር የምትገቡ ብዙ ናችሁ። የውሃው ክርክርም እንደ ልማዱ ተነስቷል። «ከታሸገ ውሃ ውጪ ንክች እንዳታደርጉ» በሚለው አልስማማም። ከቧንቧ ቀድታችሁ በቀጥታ ጠጡም አልልም። አፍልታችሁ ጠጡ ነው የምለው።

የከተማ ውሃ ሲለቀቅ በክሎሪን ይታከማል። ጣጣው የሚመጣው መንገድ ላይ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር መስመሩ ባዶ ሲሆን ግፊቱ ይወርዳል። ቧንቧው የተሰነጠቀበት ቦታ ካለ በዙሪያው ያለው ፍሳሽ ወደ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ደግሞ ሮቶው አለ፤ መቼ እንደታጠበ ቤተሰቡን ጠይቁ። ጀሪካኑንም እዩት። ውስጡን በጣት ስትነኩት የሚያሟልጭ ከሆነ ንጹሕ ውሃ ቢቀዳበትም ይበላሻል። በክረምት የምትሄዱ ደግሞ፣ የደፈረሰ ውሃ የክሎሪኑን አቅም ስለሚጨርስ መጀመሪያ በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉት፣ ከዚያ አፍሉት።

ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ከ2,000 ሜትር በላይ ላለ ቦታ 3 ደቂቃ ይንተክተክ ይላል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች 1 ደቂቃ ይበቃል። ጥርስ ያበልዛል የሚባለው ፍሎራይድ በዋናነት የስምጥ ሸለቆ ችግር ነው፤ ለጎጃም አትጨነቁበት።

«እኔ ሃይላንድ ብቻ ነው የምጠጣው» የምትሉ፣ ሰላጣው በምን ታጠበ? ጠላውስ በየትኛው ውሃ ተጠመቀ? ቡናና ሻይ ፈልቶ ስለሚቀርብ አያሳስብም። ሆድ የሚያውኩት ሳይፈላ የሚቀርቡት ናቸው።

እኔን የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። አክስቴ እንግዳ መጣብኝ ብላ የታሸገ ውሃ በእሽግ ታስመጣለች። ልጆቿ እዚያው አጠገባችን ከጀሪካኑ ይጠጣሉ። እንግዳው ይታመማል ተብሎ የተፈራው ውሃ ለነሱም ያው ውሃ ነው እኮ! ለዚህ የምታወጡት ብር ካለ ለቤቱ ማጣሪያ ግዙለት፤ ክዳንና ቧንቧ ያለው ማስቀመጫም ጨምሩበት። ሰው ኩባያ እየነከረ እንዳይቀዳ ያ ቧንቧ ትልቅ ነገር ነው።

የታሸገው ለመንገድ ይሁን፤ ዓባይ በረሃን ስታቋርጡ ያስፈልጋችኋል። ክዳኑ ያልተነካ መሆኑን እዩ። ሱቅ ደጃፍ ፀሐይ ላይ የተደረደረውን ተዉት። ለሕፃን ዱቄት ወተት የምትበጠብጡ ግን የታሸገውንም አፍሉት፤ ታሸገ ማለት ከጀርም ጸዳ ማለት አይደለም።

ሮቶ የሚያጥብ ሰው ከአሁኑ አስፈልጉ፤ በዓሉ ሲደርስ አታገኙም።