የዕቅድ ውይይት፦ የጋራ ፕሮባብሊቲን ከድግግሞሽ ሰንጠረዥ ስለማስተማር የምናቀርበው ሐሳብ

ሐሳብ አቅራቢ፦ የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ በጋራ የምናቀርበው ሐሳብ በአንድ ስሕተት ላይ እንዲያተኩር እጠይቃለሁ፤ ይኸውም ተማሪዎች የጋራ ፕሮባብሊቲ፣ ማለትም ሁለት ነገሮች አብረው የመሆናቸው ዕድል፣ ሲጠየቁ ለጠቅላላ ድምሩ ማካፈል ሲገባቸው ለረድፉ ድምር ማካፈላቸው ነው። ለምሳሌነት እ.ኤ.አ. በ1912 የሰጠመችውን የታይታኒክን መዝገብ መርጫለሁ። ለስታቲስቲክስ ማስተማሪያነት በሰፊው በሚሠራበት ቅጂ፣ ከ2,201 ሰዎች መካከል ሴቶች 470 ሲሆኑ 344ቱ ተርፈዋል፤ ከ1,731 ወንዶች የተረፉት ደግሞ 367 ናቸው። ከሁሉም አንድ ሰው በዕጣ ቢመረጥ፣ ሴትም የተረፈችም የመሆኗ ፕሮባብሊቲ 344 ለ2,201 ተካፍሎ 0.156 ገደማ ይሆናል።

አንደኛ አባል፦ ምሳሌውን እደግፋለሁ። 344ን ለ470 አካፍሎ 0.732 ያገኘ ተማሪ ግን ማካፈል አላቃተውም፤ የመለሰው ሌላ ጥያቄ ነው። «ሴት ከሆነች የመትረፏ» ሲባል የምንመለከተው ሴቶችን ብቻ ሲሆን፣ «ሴት ሆና የተረፈች» ሲባል ግን መርከቧ ላይ የነበሩትን ሁሉ ነው። ስለዚህ ተማሪው «ከእነማን መካከል?» ብሎ ጠይቆ፣ ከላዩ ቁጥር በፊት አካፋዩን እንዲጽፍ የሚያዝ አንቀጽ ይግባ።

ሁለተኛ አባል፦ ቁጥሮቹ የሰው ሕይወት መሆናቸውን መምህሩ አስቀድሞ በአክብሮት እንዲናገር ይጻፍልኝ። ማረጋገጫም ያስፈልጋል፦ የሰንጠረዡ አራት ሣጥኖች (የተረፉ ሴቶች፣ ያልተረፉ ሴቶች፣ የተረፉ ወንዶችና ያልተረፉ ወንዶች) ውጤት፣ ማለትም በቅደም ተከተል 0.156፣ 0.057፣ 0.167 እና 0.620፣ ሲደመር 1 ይሰጣል፤ በረድፍ ድምር ያካፈለ ተማሪ ግን ድምሩ 2 ሆኖ ስለሚያገኘው ስሕተቱን ራሱ ይደርስበታል።

ሦስተኛ አባል፦ የጠርዝ ፕሮባብሊቲዎችን፣ ማለትም የእያንዳንዱን ነገር የብቻውን ፕሮባብሊቲ፣ አባዝተው የሚመልሱትንም አንርሳ። የሴቶቹ 0.214 በተረፉት 0.323 ሲባዛ 0.069 ይሆናል፤ ይህም ከእውነተኛው ከግማሽ በታች ነው። ማባዛቱ የሚሠራው ሁለቱ ነገሮች ነጻ ሲሆኑ፣ ማለትም የአንዱ መሆን የሌላውን ዕድል የማይለውጥ ሲሆን ብቻ ነው፤ እዚህ ጾታና መትረፍ ነጻ አልነበሩም።

ሐሳብ አቅራቢ፦ ሦስቱንም ተቀብያለሁ። የማባዛቱን ጉዳይ ለቀጣዩ ምዕራፍ ላቆየው አስቤ ነበር፤ ሆኖም ተማሪዎቹ ቀመሩን ይዘውት ስለሚመጡ፣ ከአራቱ ሣጥኖች ማረጋገጫ ቀጥሎ እዚሁ አስገባዋለሁ። የአካፋዩ አንቀጽ ግን ከሁሉም ፊት ይቀመጣል፤ ተቃውሞ ያለው አባል ረቂቁ ከመላኩ በፊት እዚሁ እንዲጽፍ በትሕትና እጠይቃለሁ።