ቡችላዬ ደጅ መሽናትን እንዲለምድ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፣ ከደብረ ማርቆስ

ጤና ይስጥልኝ። ከሦስት ሳምንት በፊት የሁለት ወር ወንድ ቡችላ ከዘመዴ ተቀብዬ በማሳደግ ላይ እገኛለሁ። ግቢያችን ሣር ስላለው ጠዋትና ማታ እያወጣሁ እዚያው እንዲሸና አለማመድሁት፤ በሳምንቱም የገባው መስሎኝ ነበር። ባለፈው እሑድ ግን እናቴ ቄጤማ ጎዝጉዛ ቡና ስታፈላ፣ እንግዶች ተቀምጠው ሳለ፣ ቡችላው ከበረንዳ ገብቶ ረከቦቱ አጠገብ ጉዝጓዙ ላይ ሸና። እናቴ በጣም አፈረች፤ «ከዛሬ ጀምሮ ደፉን እንዳይረግጥ» ብላለች። ከዚያ ወዲህ የሐምሌ ዝናብ ስለጠና፣ ደጅ ሳወጣው እግሩን ከጭቃው እያነሳ ተመልሶ ይገባና ምንጣፍ ላይ ይሸናል። ጎረቤቶቼ አፍንጫውን ሽንቱ ላይ እንዳሸው፣ ጥሩ ጠባቂ እንዲወጣውም ጨለማ ክፍል አስሬ እንዳሳድገው ይመክሩኛል። ልቤ ግን አልፈቀደም። ምን ትሉኛላችሁ?

መልስ፣ ከፍኖተ ሰላም

ወንድሜ፣ ቡችላው የተማረውን አልረሳም። ውሻ መሽኛውን የሚለየው በግድግዳና በጣሪያ ሳይሆን እግሩ በሚረግጠው ነገርና በሚያሸተው ሽታ ነው፤ እርስዎ ሣር ላይ እንዲሸና አስተማሩት፣ ሣሩም በእሑድ ቀን ቤት ውስጥ ተጎዝጉዞ ጠበቀው። የእኔም የመጀመሪያ ውሻ በፋሲካ ዕለት ይህንኑ አድርጎብኛል፤ ያለ ጥፋቱ መቆጣቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ቄጤማ በሚጎዘጎዝበት ቀን አስቀድመው አውጥተው ያሸኑት፤ ቡናው ሦስተኛው እስኪጠጣ ድረስም በረንዳ ላይ ይቆይ። ከአሁን በኋላ ደግሞ በሣር ብቻ ሳይወሰኑ አፈርና ጠጠር ላይም ያለማምዱት።

ስለ ዝናቡ፣ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ውኃ የማይደርስበት ጥግ ፈልገው አፈርና ጭድ ያድርጉለት፤ ሽንቱን የጠረጉበትን ጨርቅም ለአንድ ሁለት ቀን እዚያ ቢያኖሩት ሽታው ይጠራዋል። ምንጣፉን ግን በበረኪና አይጠቡት፤ በረኪና ከሽንት ጋር ሲገናኝ የሚያፍን ጋዝ ያወጣል። አቼቶ በውኃ በጥብጠው ደጋግመው ይጥረጉት፤ ሽታው እስካልጠፋ ድረስ ቡችላው ወደዚያው ቦታ መመለሱ አይቀርም።

መልስ፣ ከባሕር ዳር፣ የእንስሳት ሐኪም

ጠዋትና ማታ ብቻ ማውጣትዎ አይበቃም። በዚህ ዕድሜ ያለ ቡችላ ቀን ላይ ሽንቱን መያዝ የሚችለው ቢበዛ ለ3 ሰዓት ያህል ነው፤ ከእንቅልፉ ሲነቃ፣ በልቶ እንዳበቃና ተጫውቶ ሲጨርስ ወዲያው ይውጣ። መሬቱን እያሸተተ መዞር ከጀመረ ጊዜው ደርሷል ማለት ነው። ሸንቶ እንደጨረሰ እዚያው በቆመበት ያወድሱት፣ ቁራሽም ይስጡት፤ ቤት ከገባ በኋላ ቢሰጡት ግን የተሸለመው በመግባቱ ይመስለዋል።

አፍንጫውን ማሸት ፈጽሞ አይጠቅምም። ቡችላው ቅጣቱን ከደቂቃዎች በፊት ካደረገው ነገር ጋር ስለማያያይዘው የሚማረው እርስዎን መፍራት ብቻ ነው፤ ከዚያም ከአልጋ ሥር ተደብቆ መሽናት ይጀምራል፣ ደጅ ሲያወጡትም ፊትዎ መሽናትን ይፈራል። ጨለማ ክፍል ማሰሩ ከዚህም ይብሳል። እስከ 3 ወር ተኩል ገደማ ያለው ጊዜ ቡችላ ሰውንና ድምፅን የሚለምድበት ስለሆነ፣ በዚያ ዕድሜ የተዘጋበት ውሻ ደፋር ጠባቂ ሳይሆን እንግዳውንም የቤቱንም ልጅ የሚነክስ ፈሪ ውሻ ይሆናል። ዕድሜው 3 ወር ሊሞላ ጥቂት ቀን ስለቀረው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ያስከትቡት፤ በዓመቱም ይደገማል። ክትባቶቹን እስኪጨርስ ድረስ ከመንደር ውሾች ጋር ባይገናኝ ይመረጣል።

መልስ፣ ከሞጣ

ልጄ፣ የተነገረህ ሁሉ መልካም ነው። እኔ በበኩሌ ውሻ ቤት ውስጥ ማደሩን አልወድም፤ ይህ ግን ገና ሕፃን ስለሆነ በክረምት ብርድ ደጅ አትጣለው። ተዘርግቶ ለመተኛት ብቻ የሚበቃ ሣጥን በሩ አጠገብ አድርግለት፤ ቡችላ የሚተኛበትን ማርጠብ ስለማይወድ ሽንቱ ሲመጣበት ያለቅሳል፣ አንተም ሰምተህ ታወጣዋለህ። እናትህንም አታስቀይም፤ በቡና ሰዓት ኃላፊነቱ የአንተ ነው።

ጠያቂው፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጥጉን ከኩሽናው ጣሪያ ሥር አዘጋጀሁለት፤ በአራተኛው ቀን ራሱ ወደዚያ መሄድ ጀመረ። ትናንት እሑድ ቄጤማው ከመጎዝጎዙ በፊት ጃንጥላ ይዤ አወጣሁት፤ ጭዱን ሲያሸትና ሲዞር ረጅም ጊዜ ካስጠበቀኝ በኋላ ሸና፣ እዚያው ቆሜ የእንጀራ ድርቆሽ አጎረስሁት። እናቴም ሁለተኛው ቡና ላይ «ይግባ» ብላ ከደፉ አጠገብ እንዲተኛ ፈቀደችለት። ክትባቱንም ተከትቧል። ሌሊት ግን አሁንም ሁለት ጊዜ ይቀሰቅሰኛል።